ያልተዋጠችው ኩኪስ

በአገራችን ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ ምግብ ሁሉ ለመበላት አይቀርብም። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሄዶ አያውቅም ማለት ነው። ለመበላት የሚቀርብ አለ፤ እሱ ነገር አያበዛም፣ ወዲያው ይነሳል። ለክብር የሚቀርብ ደግሞ አለ፤ እሱ መሃል ላይ ይቀመጥና እንግዳው በዓይኑ ጥግ እያየው ስለ ታክሲ ሰልፍ ያወራል። ባለቤቱ «ኧረ ቅመሱ!» ይላል። እንግዳው «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። አልበላም። ባለቤቱም እንዳልበላ ያውቃል። እንዲህ ተባብለን፣ ተሳስቀን፣ ተራርበን እንለያያለን።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ለሽማግሌ የሚቀርበው ነው። ልጃችሁን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ ያላችሁን ሁሉ ትደረድራላችሁ፤ ለስላሳው፣ አምቦ ውሃው፣ ቆሎው፣ ብስኩቱ። ሁሉም ለዓይን ነው። ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ ከቀመሰ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የልጅቷ አባት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «እስቲ ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ብቅ በሉ» ይላል። ወዲያው እሺ ካለማ ልጁን ለማራገፍ የቸኮለ ይመስልበታል።

እንግዲህ ሳልኩራራ ልንገራችሁ፤ በዚህ «ሌላ ቀን ብቅ በሉ» በሚባል ሙያ እኔን የሚያህል ሰው በየካ ክፍለ ከተማ ውስጥ አይገኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን የፈጀሁት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል ውስጥ ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ማኅተም የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች»፣ «ሲስተም የለም»... ስንቱን ጎልማሳ እንዲህ እያልኩ አሸበትኩት! ስለዚህ ልጄ ብሌን «አባዬ፣ ያሬድ በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው» ስትለኝ አልደነገጥኩም። አልደነገጥኩም አልኩ እንጂ ሻዬ ላይ ስኳር ሦስት ጊዜ ስጨምር እሷም አይታኛለች።

ያሬድን አልጠላውም። ይህ ይታወቅልኝ። መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ሊፍት የሌለውን ኮንዶሚንየማችንን አራተኛ ፎቅ ድረስ የእኔን ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣ ልጅ ነው። እንጦጦ ሲሮጡ ነው የተዋወቁት፤ ዛሬም እሑድ ጠዋት አብረው ይወጣሉ። ችግሩ ከወዲያ ነው። ያሬድን መሥሪያ ቤቱ ጥር ሲያልቅ ወደ ጅማ ሊልከው ነው፣ ለዓመታት። ጥር ላይ ከተጋቡ ብሌን አብራው ትሄዳለች። ጥር ካመለጠ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ በጾም ሰርግ የለም፤ እሱ ብቻውን ይሄዳል፣ እሷም እዚሁ ትቀራለች። ብሌን ይህን ሁሉ ረጋ ብላ አስረድታኛለች። እኔም በሚገባ ገብቶኛል። ስለገባኝ ነው ሌላ ቀን ብቅ በሉ ለማለት የወሰንኩት።

ክፉ ሰው ነው ብላችሁ ሳትፈርዱብኝ ልጨምር። እናቷ ካረፈች ወዲህ መሪ ሰፈር ያለችው ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁለት ብቻ ነን። ብሌን ከሥራ ስትገባ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ስትጥለው የሚሰማው ድምፅ አለ፤ እሱን ሳልሰማ እራት አይበላልኝም። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሽማግሌዎቹን አንድ ሁለቴ ባመላልሳቸው ጥር በራሱ ጊዜ ያልፋል፣ ማንም እኔን አይወቅስም አልኩ። ደንብ ነዋ!

ከእሑዱ በፊት ባለው ረቡዕ ብሌን ሌላ ነገር ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ለሽማግሌዎቹ ቪጋን ኩኪስ ልጋግር ነው። ግሉተን ፍሪ።»

«ምን ፍሪ?»

«ስንዴ የሌለበት። ቅቤም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የሌለበት።»

«እንዲያው የጾም የጤፍ ብስኩት ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«የፈለግከውን በለው፣ ብቻ ጤፍ አስፈጭልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ በዳዳ የሚባሉ የያሬድ እናት አጎት ናቸው። ዛሬ አያት ሰፈር ኮንዶሚንየም የተደረደረበት መሬት እርሻ በነበረ ጊዜ በሬ ጠምደው ስንዴ ያመርቱ የነበሩ ሰው ናቸው። በስተርጅና ሆዳቸው እምቢ ቢላቸው ሐኪሙ መርምሮ ስንዴ በዞረበት እንዳይዞሩ ከለከላቸው። የስንዴ ገበሬ ስንዴ ሲከለከል አስቡት! በዚያ ላይ የገና ጾም ነው፣ እሳቸውም አጥባቂ ናቸው። ታዲያ እርቅም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን፣ ጋብቻም ቢሆን የትም ሄደው ሌላው ዳቦውን ሲቆርስ እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ይመለሳሉ። ብሌን ይህን ከያሬድ ሰምታ አንጀቷን በላት። «እኛ ቤት መጥተው እንደዚያ አይሆኑም» አለች።

እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ሽማግሌ እኮ አይበላም! በተለይ እኔ ቤት፣ በተለይ በዚያ እሑድ። ግን ደግሞ ሰውየው ካልበሉት ማን ይበላዋል? ጓደኞቻቸውም አይነኩትም። ብሌን እንዳትወፍር ትጠነቀቃለች። ሳህን ሙሉ ኩኪስ ከነቀረፋው የሚቀርለት ሰው ታየኝ፤ ሰውየው እኔን ይመስላል። ጤፉን በጀርባዬ አዝዬ ሾላ ገበያ ወረድኩ።

ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ታውቁ እንደሆን የሰዉ እህል በተራ እየተቀባበለ ይፈጫል። ከፊታችሁ ያለው ሰው ስንዴ ካስፈጨ ዱቄቱ ወፍጮው ውስጥ ይቀርና የእናንተ ጤፍ ይዞት ይወጣል። ሌላ ጊዜ ማንም ግድ አይሰጠውም። ብሌን ግን አደራ ብላኛለች፤ ቅንጣት ስንዴ እንዳይነካው፣ የሰውየው ሆድ ያውቀዋል ብላለች። አየሁ፤ ከፊቴ የቆመችው ወይዘሮ ስንዴ ይዛለች። ከእሷ ፊት ያሉት ሁለት ሴቶች ጤፍ ይዘዋል። እሷን መቅደም አለብኝ።

«እህቴ፣ ተራሽን ብትለቂልኝ?»

«ለምን ሲባል?»

«ያንቺ ስንዴ ከኔ ጤፍ ጋር እንዳይነካካ ነው።»

አይ አነጋገር! ሴትዮዋ ስንዴዋን አየች፣ እኔን አየች። «የኔ ስንዴ ምን ሆነ? ደግሞ ከማን አንሶ ነው?» ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ላብ አጠመቀኝ። «ስንዴ ለሚያመው ሽማግሌ ነው» አልኩ። ይህን ሲሰሙ ያልጠበቅሁት ደግነት ወረደብኝ፤ ሽማግሌው እኔ መሰልኳቸው። ባለስንዴዋ ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ውይ አባቴን! እግዜር ይማርዎት፣ ይለፉ፣ ይለፉ!» አንዷ ወንበር አመጣች። ሌላዋ ለሆድ ፍቱን ነው ያለችውን ቅጠል ስም ነገረችኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። ፈጪው መጀመሪያ የወረደውን ዱቄት ለብቻው በሌላ ከረጢት ተቀብሎ፣ የቀረውን በንጹሕ ማዳበሪያ ሞላልኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ መስተንግዶ አግኝቼ አላውቅም።

ቅዳሜ መጋገር ጀመርን። ጀመርን ያልኩት እኔም እጄን ስላስገባሁ ነው። ብሌን ስልኳን ሽሮ ዕቃው ላይ አስደግፋ አንዲት ፈረንጅ እያየች ትለካለች። እንቁላሉን የሚተካው ተልባ ነው አለችኝ። ተልባው ተወቅጦ በሞቀ ውሃ ሲርስ ዝልግልግ ይልና ሊጡን ይይዘዋል፤ ቅቤውን ደግሞ ዘይትና የኦቾሎኒ ቅቤ ይተኩታል። ቴምር ፈጭታ ጨመረች። ቅመሙ ላይ ስትደርስ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ፈረንጇ ቀረፋና ዝንጅብል ብቻ ነው ያለችው። እኔ ኮረሪማ ፈልፍዬ፣ ቅርንፉድ ወቅጬ ስጨምር ብሌን «አባዬ፣ ሬሲፒው ላይ የለም!» ብላ ጮኸች። «ሬሲፒው መሪ መጥቶ አያውቅም» አልኳት።

የመጀመሪያው ትሪ አሳፈረን። ኩኪሶቹ ኦቭን ውስጥ ተንሰራፍተው፣ ተቃቅፈው አንድ ሰፊ ቂጣ ሆነው ወጡ። ብሌን ከእነ ጓንቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እዚያ ላይ ስታለቅስ አየኋት። ለኩኪስ እንዲህ አይለቀስም፤ አውቄያለሁ ለምን እንደሆነ። እሷም ማወቄን አውቃለች። ሁለታችንም ስለ ዱቄቱ ብቻ አወራን።

«ሊጡ ቀጥኗል» አልኩ፣ «ትንሽ ይቆይ፣ ጤፉ ውሃውን ይጠጣ።» አቆየነው። ሁለተኛው ትሪ ሲወጣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ፣ ጫፉ ጠንከር ብሎ፣ ቡናማ ሆኖ መጣ። ሽታው ደረጃውን ወርዶ ጎረቤቶች «ምን እየሠራችሁ ነው?» እስኪሉ ደረሰ። አንዱን ቀመስኩ። አምላኬ! እኔ ጌታሁን፣ ሻይ እንኳ አፍልቼ የማላውቅ ሰው፣ ይህን ሠራሁ? ኩራት እንዲህ በስተርጅና እንደሚይዝ አላውቅም ነበር። የብሌንን ድርሻ ረሳሁት።

እሑድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ነጭ ጋቢ የለበሱት አቶ በዳዳ፣ መነጽር ያደረጉ ጡረተኛ አስተማሪ፣ አንድ ደግሞ ዝምተኛ ነጋዴ። አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው ቢቆራረጥም አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ለምኜ አስቀመጥኳቸው። ብሌን በደንቡ መሠረት መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች። አስተማሪው ቆመው ስለ ዘር፣ ስለ ጨዋነት፣ ስለ ያሬድ ምግባር አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተናገሩ። በመጨረሻም «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ደጅዎ መጥተናል» ብለው ተቀመጡ።

ተራው የእኔ ሆነ። መልሱን ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ስለማመደው ነው የከረምኩት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከመናገሬ በፊት ለወጉ ያህል፣ ለወጉ ያህል ብቻ፣ የኩኪሱን ሳህን ጠጋ አደረግሁላቸው።

አቶ በዳዳ ሽታው ደረሳቸውና ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ሽታው ደስ ይላል» አሉ በለሆሳስ። «ለእኔስ ደንቡ ባይከለክለኝም ሆዴ ይከለክለኛል። ስንዴ ካየሁ ከርሜያለሁ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላስቸገርኳችሁ ነበር። «አይ፣ ያሳዝናል» ብዬ ወደ ንግግሬ መግባት ነበረብኝ። ግን እናንተ ብትሆኑ ትችሉ ነበር? ያን ሁሉ ሰልፍ፣ ያን ሁሉ ወንበርና ቅጠል፣ ያን ሁሉ ተልባ! ደሜ ፈላ።

«ስንዴ? የምን ስንዴ! ጤፍ ነው! ሾላ ወርጄ ስንዴ እንዳይነካው ተጠንቅቄ ራሴ አስፈጭቼ፣ እንቁላል የለበት፣ ቅቤ የለበት፣ ኮረሪማውን በእጄ ፈልፍዬ! ይቅመሱት!»

«ኧረ ይቅርብኝ፣ ደንቡ...»

«በሞቴ!»

«ኧረ አይሆንም...»

«አፈር ስሆን!» አልኩና አንዱን ኩኪስ አንስቼ አጎረስኳቸው።

እስቲ አሁን አትፍረዱብኝ። አንድ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ ሲል እጃችን ራሱ እንደሚነሳ እናንተም ታውቃላችሁ። አፈር ስሆን ተብሎ የቀረበ ጉርሻም አፍ ራሱ ይከፈትለታል። የእኔ እጅ የለመደውን አደረገ፣ የእሳቸው አፍም የለመደውን አደረገ። ሁለታችንን የጠየቀን የለም።

አስተማሪው መነጽራቸውን አወለቁ። ዝምተኛው ነጋዴ «እግዚአብሔር ይመስ...» ብለው ሊነሱ ሲሉ አቶ በዳዳ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። ጉንጫቸው አብጧል። አያኝኩም። ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱና አጠገቤ መጥተው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«አቶ ጌታሁን» አሉኝ፣ ኩኪሱን ወደ አንድ ጉንጫቸው ገፋ አድርገው። «ሳያስቡት ከሆነ እኔ ይገባኛል። ሦስት ሴት ልጅ ድሬያለሁ፤ እያንዳንዷ ስትሄድ በረት ገብቼ ነው ያለቀስኩት። እስካሁን አልዋጥኳትም። በመሐረብ አወጣታለሁ፣ እነዚህም ምንም አላየንም ይላሉ፣ እርስዎም ያሰቡትን መልስ ይስጡን። ልዋጣት?»

እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለስንት ጊዜ ሲመኙት የኖሩትን ነገር አፋቸው ውስጥ ይዘው ለእኔ ሲሉ ይጠብቁኛል። መውጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። «እስቲ ዘመድ ላማክር» ማለት ብቻ ነው። አፌ ላይ ደርሷል።

የመኝታ ቤቱን በር አየሁ። ከበሩ ስር የብሌን ሁለት እግሮች ጥላ ይታያል፤ ተጠግታ ቆማለች። ትናንት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ታየችኝ። ልጄን ከመሄድ ማስቀረት እችላለሁ፤ እዚያ በር ኋላ እንደዚህ ቆማ የምትቀረውን ልጅ ግን ምን አደርጋታለሁ?

«ይዋጧት» አልኩ።

አቶ በዳዳ ሰሙ። አኘኩ። ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዲት ፍርፋሪ ሳያስተርፉ አኘኩና ዋጡ። «ያ ዋቃ!» ብለው በኦሮምኛ አምላካቸውን ጠሩ። ከዚያ ሁለተኛውን ራሳቸው አነሱ። አስተማሪው መረቁ፣ ነጋዴው መረቁ፣ ያ ለዓይን የተደረደረው ሁሉ ባንዴ ለሆድ ሆነ። ብሌን በሩን በርግዳ ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ሁለታችንም በሽማግሌ ፊት እንደ ሕፃን ተነፋረቅን።

እንግዶቹ ሲሄዱ አፍጥጣ አየችኝ። «አባዬ፣ ከልብህ ነው? መስተዋት ፊት ስትለማመድ እኮ ሰምቼሃለሁ።»

«ዘመድ አማክሬ እነግርሻለሁ» አልኳት። በትራስ መታችኝ።

ሰርጉ ጥር ላይ ተደገሰ፤ እኔም ከሁሉ በላይ ጨፈርኩ ይሉኛል። ከዚያ ጅማ ሄዱ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አላወራላችሁም። ቤቱ ቤት አልነበረም። ብሌን ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች፤ እኔ ከጠዋት ጀምሬ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው አንድ ቅዳሜ በሩ የተንኳኳው። ስከፍት አቶ በዳዳ ቆመዋል፣ አራቱን ፎቅ ወጥተው ሲያለከልኩ፣ በብብታቸው አንድ ከረጢት ጤፍ ዱቄት ይዘው።

«እንደዚያች ያለች ኩኪስ ፈልጌ አጣሁ» አሉኝ። «እርስዎ ይጋግሩ፣ እኔ ቅመሙን እፈለፍላለሁ። ሥራ ከሌለብዎት ነው ታዲያ።»

ምን ሥራ አለብኝ? እሳቸው በርጩማው ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ። ዝንጅብሉ አነሰ ይላሉ፣ ስኳሩ በዛ ይላሉ፣ አያት እርሻ ሳለ የነበረውን ጅብና የነበረውን ጎረቤት ያወሩልኛል። እኔም አንድ ጊዜ እቆጣለሁ፣ አንድ ጊዜ እስቃለሁ። ከአያት መሪ ቅርብ ነው፣ ቅዳሜም በየሳምንቱ ይመጣል፤ እሳቸውም ቀርተው አያውቁም።

ባለፈው ቅዳሜ ብሌን ሁለት ጊዜ ደውላ አላነሳሁም። ትሪው ኦቭን ውስጥ ገብቶ እጄን ስታጠብ በሦስተኛው አገኘችኝ።

«አባዬ! ምን ሆንክ? ስንት ነገር ነው ያሰብኩት!»

«ምንም አልሆንኩ። እጄ ሊጥ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ብቻውን ምን ይሆንብኛል እያልኩ እዚህ እጨነቃለሁ» አለችና አኮረፈች። የምሯን ነው፤ ኩርፊያዋን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ልጄ ስታኮርፈኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።